የጉድፍ ክትባት አመጣጥ
(በራዲዮ የተነገረ)



በከንፈር ላይ ውኃ ቋጥሮ የሚወጣውን ቁስል ሕዝባችን ምች ይለዋል። በሕፃናት ገላ ላይ የሚበተነውን ጉድፍ፥ በትልቅ ሰው ጎን እንደ መቀነት ዞሮ የሚያቃጥለውን ደግሞ አልማዝ ባለጭራ ይለዋል። ስማቸው ሦስት ቢሆንም ሐኪሞች ሄርፐስ በሚባለው አንድ የቫይረስ ወገን ይመድቧቸዋል። ይልቁንም ጉድፍና አልማዝ ባለጭራ የአንድ ቫይረስ ሥራ ናቸው። ዛሬ የምንነግራችሁ ይህ ቫይረስ በክትባት የተገታበትን ታሪክ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1964 ሚቺያኪ ታካሃሺ የተባለው ጃፓናዊ ሐኪም በአሜሪካ አገር ስለ ቫይረስ ይመራመር ነበር። በዚያ ሳለ የሦስት ዓመት ልጁን ጉድፍ ያዘው። ሽፍታው ከፊቱ ተነሥቶ ገላውን አለበሰው፤ ትኩሳቱ በረታ፤ ትንፋሹም አጠረ። አባትና እናት ሌትና ቀን አስታመሙት፤ ልጁም ዳነ። አባትዬው ግን የተማረውን የቫይረስ ዕውቀት ለጉድፍ ክትባት ማዋል እንደሚገባው የተረዳው በዚያን ጊዜ ነው።

በ1965 ወደ ጃፓን ተመልሶ በኦሳካ ዩኒቨርሲቲ ሥራውን ጀመረ። ጉድፍ ከያዘው ከአንድ ሕፃን ቫይረሱን ወስዶ ከሰው ፅንስ ሳንባ በተገኙ ሕዋሳት ላይ 11 ጊዜ አዘዋወረው። ይህንንም ያደረገው ከሰው ገላ ሙቀት ባነሰ በ34 ዲግሪ ነበር። ቀጥሎም ጊኒ ፒግ በሚባለው የላቦራቶሪ እንስሳ ሕዋሳት ላይ 12 ጊዜ አዘዋወረው። በባዕድ አገር ብዙ የኖረ ሰው የአገሩን ጠባይ እንደሚረሳ፥ ቫይረሱም በሰው ገላ ላይ የነበረውን ብርታት እያጣ ሄደ። እንዲህ የተገራው ዝርያ ኦካ ተባለ።

ነገር ግን ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። በዚያው በ1965 ሆፕ ሲምፕሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም፥ የጉድፍ ቫይረስ በሽተኛው ከዳነ በኋላ በነርቭ ሥር ተደብቆ እንደሚቀር፥ ሰውዬው ሲያረጅ ወይም ሲደክም አልማዝ ባለጭራ ሆኖ እንደሚነሣ አስረድቶ ነበር። ስለዚህ ተቃዋሚዎቹ «ክትባት ተብሎ የሚሰጠው ሕያው ቫይረስ ነው፤ ዛሬ ከሕፃኑ ነርቭ ገብቶ ነገ ቢነሣ ተጠያቂው ማን ነው?» ይሉ ነበር። ጥያቄው ቀላል አልነበረም። በሌላ በኩል ደግሞ የደም ካንሰር ለያዛቸውና ኃይላቸው ለደከመ ሕፃናት ጉድፍ ሞትን የሚያመጣ ደዌ ነበር። መዘግየትም መቸኰልም ሕይወት ያስከፍል ነበር።

ታካሃሺና ባልደረቦቹ ሥራቸውን በ1974 ለዓለም ሐኪሞች አሳወቁ። በአንድ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ጉድፍ በገባ ጊዜ ያልያዛቸው ልጆች ፈጥነው ተከተቡ፤ በሽታውም ሳይዛመት ቀረ። ከዓመታት በኋላ የደም ካንሰር የነበረባቸው የተከተቡ ልጆች በአሜሪካ ተመረመሩ። በአልማዝ ባለጭራ የተያዙት በተፈጥሮ ጉድፍ ከያዛቸው ልጆች ይልቅ ጥቂቶች ሆነው ተገኙ። የክትባቱም ቫይረስ በነርቭ መደበቁ አልቀረም፤ ዳሩ ግን የሚነሣው እምብዛም አይደለም። ተቃዋሚዎቹ መጠየቃቸው ትክክል ነበረ፤ መልሱን የሰጠው ግን ትዕግሥት ያለው ምርመራ ነው።

አሜሪካ ክትባቱን በ1995 ፈቀደች። ከዚያ በፊት በዚያች አገር በየዓመቱ 4 ሚሊዮን ያህል ሰው በጉድፍ ይያዝ፥ ከ100 እስከ 150 የሚደርስም ይሞት ነበር። በ2006 ይኸው የኦካ ዝርያ በመጠን ቢያንስ 14 እጥፍ ሆኖ ለሽማግሌዎች የአልማዝ ባለጭራ መከላከያ ተደረገ፤ በሽታውንም በግማሽ ያህል ቀነሰ። በ2017 ደግሞ ሕያው ቫይረስ የሌለበት፥ ከቫይረሱ አንድ ፕሮቲን ብቻ የተሠራ ክትባት ተፈቀደ፤ በምርመራውም ከመቶ ከዘጠና እጅ በላይ ጠበቀ።

ታካሃሺ በ2013 ዐረፈ። የጉድፍ ዘመድ የሆነው ምች ግን እስከ ዛሬ ድረስ ክትባት አልተገኘለትም፤ ብዙ ተሞክሮ ብዙ ከሽፏል። ይህም ቢሆን ተስፋ የሚያስቈርጥ አይደለም። በአንድ ልጅ አልጋ አጠገብ ከታሰበው ሐሳብ ጀምሮ ሥራው ለዓለም እስኪገለጥ ድረስ ዐሥር ዓመት ፈጅቷል፤ አሜሪካ እስክትፈቅደው ድረስ ደግሞ ሌላ ሃያ አንድ ዓመት አለፈ። በእንዲህ ያለ ሥራ የሚደክሙ ሰዎች ፍሬውን ለማየት ረጅም ዘመን መጠበቅ ግድ ይሆንባቸዋል።