ተሸናፊ ይከፍላል

ኮንሶል ያዋጣል ወይስ ኮምፒውተር? ይህን ክርክር ፈረንጅ ሲያሰላው አንድ ተጫዋች፣ አንድ ማሽንና አንድ ኪስ ይዞ ነው። ኮንሶሉ ሲገዛ ይቀላል፣ ጌሙ ግን ውድ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲገዛ ያስለቅሳል፣ ውሎ አድሮ ግን ይክሳል። ጉርድ ሾላ ላይ ይህ ስሌት ለረጅም ጊዜ አልሠራም። ማሽኑን የሚገዛው አንድ ሰው ቢሆንም ዋጋውን የሚመልሰው ሰፈሩ ነበር፤ ጌሙን ደግሞ ማንም አይገዛውም፣ ተቀድቶ ነው የሚመጣው። እኔ መጀመሪያ ከፋይ ነበርኩ፣ ቀጥሎ ሒሳብ ሰብሳቢ ሆንኩ፣ ዛሬ ደግሞ ጆይስቲክ እጠግናለሁ።

ከፕሌይስቴሽን በፊት የሰፈሩ ጨዋታ ጆተኒ ነበር። በ1990ዎቹ የመጀመሪያዎቹ ፕሌይስቴሽኖች ሲመጡ የገቡት በዚያው በጆተኒ ቤት ነው፤ ሕጉንም የወረሱት ከጆተኒ ነው፦ ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቀጥላል። ይህ ሕግ ዋጋውን በማን ላይ እንደሚጭን ልብ በሉ። ጎበዝ የሆነ ልጅ በባዶ ኪስ ገብቶ እስኪመሽ ይጫወታል፤ የማሽኑን ዕዳ የሚከፍለው ገና ጀማሪው ነው። እኔ በሠራሁበት ቤት ከቀኑ ገቢ ብዙው የሚመጣው ከትምህርት ቤት ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ከሚመጡት፣ ኳሷን ከግብ ጠባቂያቸው አሳልፈው መውጣት ከማይችሉት ነበር።

ቤቱ ቆርቆሮ ነው። ሁለት ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን፣ ከሳንቃ የተመታ አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ፦ «ዱቤ ክልክል ነው። ጭማሪ ሰዓት ይከፈላል። ኢንተር ክልክል ነው።» የመጨረሻው ለማያውቅ ሰው ይገርመዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው የኮናሚ የእግር ኳስ ጌም፣ በፔስ 6፣ የኢንተር ሚላኑ አድሪያኖ ከመሐል ሜዳ እየመታ ስለሚያገባ፣ ጨዋታው በጠብ እንዳያልቅ ቡድኑ በሙሉ ታገደ። በኋለኞቹ ፔሶች ደግሞ ኮናሚ የፕሪሚየር ሊግ ስም የመጠቀም ፈቃድ ስላልነበረው ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ»፣ ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ» ነበሩ። ሲዲ ቀጂዎቹ ትክክለኛውን ስምና ማሊያ አስገብተው ስለሚሸጡ፣ የተቀዳው ሲዲ ከኦሪጅናሉ ይልቅ ይወደድ ነበር። ዋጋው አልነበረም የሚወደደው፤ እሱማ ከአንድ ማኪያቶ ብዙ አይርቅም።

እንግዲህ ኮንሶልን በረጅም ጊዜ የሚያስወድደው የጌም ዋጋ እዚህ አልነበረም። ገንዘቡን የሚበላው ጆይስቲክ ነው። የፒኤስ 2 ጆይስቲክ ሲፈታ፣ ከላስቲኮቹ ሥር ብራና የመሰለ ስስ ፕላስቲክ አለ፤ በላዩ ላይ መስመሮች ተስለዋል፣ ቁልፎቹ የሚያወሩት በእሱ በኩል ነው። በፔስ ሩጫው አር 1፣ ቅብብሉ ኤክስ ስለሆነ ሁልጊዜ ቀድመው የሚሞቱት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ስስ ፕላስቲኩ ከሰሌዳው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሲላላ ደግሞ ማንም ሳይነካው ተጫዋቹ በራሱ መሮጥ ይጀምራል። መፍትሔው ከሥሩ ቁራጭ ስፖንጅ መወተፍ ነው። ቀጥሎ ሌንስ አለ፤ ሲዲ አላነብ ሲል በጥጥና በአልኮል ይጠረጋል፣ እምቢ ካለ ከጎኑ ያለችውን ቅንጣት ብሎን በስሱ ማዞር ነው። ብዙ ያዞራት ሰው ሌንሱን አቃጥሎ ያርፋል።

ባለቤቱ ዕቃ ሲወደድበት የጨዋታውን ዋጋ መጨመር ይፈራል፤ ልጆቹ ወደ ማዶው ቤት ይሄዳሉና። ስለዚህ ደቂቃውን ይቀንሳል። አሥር ደቂቃ የነበረው ጨዋታ ስምንት፣ ከዚያ ስድስት፣ ከዚያ አምስት ሆነ፤ ብሩ ግን ያው ነው። ዋጋው ሳይነካ ግራሙ የሚቀንስ ዳቦ ቤት ሁላችንም እናውቃለን። መብራት ሲሄድ ደግሞ ሌላ ፍርድ አለ። ከዕረፍት በፊት ከሄደ ማንም አይከፍልም፣ ከዕረፍት በኋላ ከሄደ እየተመራ የነበረው ይከፍላል፤ እኩል ከሆኑ ይጮሃሉ። በግንቦት 2011 የግልገል ጊቤ 3 ውኃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ ሲሆን፣ ኪራዩ እየቆጠረ ማሽኑ ተቀምጦ የዋለባቸው ሰዓታት ለብዙ ቤት ከጆይስቲክም የከፋ ወጪ ሆኑ። ከዚያ ቀደም ብሎ መስከረም 2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር አስፋልቱን ለሁለት ከፍሎት ነበር። አንድ ዝላይ የነበረው መንገድ መሻገሪያ ፍለጋ ሲሆን፣ የማዶ ልጆች በማዶ ቀሩ።

የኮምፒውተር ጌም መንገድ ሌላ ነው። ኢንተርኔት ካፌዎቹ በቀን ሲቪ ይተይባሉ፣ ማታ ማታ ኮምፒውተሮቹን በኬብል አያይዘው ካውንተር ስትራይክ ያጫውታሉ። ማሽኑ ዋጋውን በፎቶኮፒና በትየባ ስለመለሰ የጌሙ ገንዘብ ትርፍ ነበር። በእኔ ግምት የኮምፒውተር ትልቁ ብልጫ እስከ ዛሬም ይኸው ነው፦ ጌም ባይኖርም ሥራ አያጣም። አንዲት እናት በቅርቡ «ልጄ፣ ከሁለቱ የቱን ልግዛለት?» ሲሉኝ ይህንኑ ነገርኳቸው። ከመሥሪያ ቤት የወጣ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዙለት። ልጁ በወሩ ግራፊክስ ካርድ ሊያስገባ ይዞት መጣ። የእንዲህ ዓይነቱ ትንሽ ዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ ከ240 ዋት አያልፍም፣ ቅርጹም የራሱ ስለሆነ በሌላ አይተካም። ከማዘርቦርዱ በሚያገኘው ኃይል ብቻ የሚሠራ፣ ቁመቱም አጭር የሆነ ካርድ መፈለግ ግድ ሆነ። ኮምፒውተር በጊዜ ብዛት ይረክሳል የሚባለው ሲገዛ ሆዱ ሰፊ ከሆነ ነው፤ ያለበለዚያ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይገዛል።

ፒኤስ 4 ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። የተቀዳ ጌም እንዲያጫውት ሲስተሙን ለመስበር ዓመታት ፈጀ፣ በኢንተርኔት ለመጫወትም ወርኃዊ ክፍያ በዶላር ይጠየቃል። ኢትዮጵያ ደግሞ በሶኒ ኔትወርክ የአገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም፤ የሰፈሩ ልጅ አካውንት የሚያወጣው የአሜሪካ ወይም የዱባይ ነዋሪ ነኝ ብሎ ነው፣ ካርዱንም ዘመድ ይልክለታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሶኒ ሄልዳይቨርስ 2ን በኮምፒውተር የሚጫወቱትን የግድ የእሱን አካውንት አውጡ ሲል፣ ዝርዝሩ ውስጥ በሌሉ አገሮች ጌሙ ከስቲም ገበያ ወርዶ ነበር። ግዴታው በተጫዋቾች ጩኸት በቀናት ውስጥ ሲሰረዝ ዓለም ሁሉ የሰማውን ችግር፣ እኛ ያለ ጩኸት ኖረንበታል።

ባለፈው የማዶው ቤት ባለቤት ፒኤስ 5 ልግዛ ወይ ብሎ አማከረኝና ቁጭ ብለን አሰላነው። ግብርና የነጋዴ ትርፍ ሳይገባ፣ የአሜሪካን ዋጋ በየዘመኑ ምንዛሪ መታነው። ፒኤስ 2 በ2000 እ.ኤ.አ. 299 ዶላር፣ ዶላሩ 8 ብር ከምናምን፦ 2,450 ብር ገደማ። አንድ ጨዋታ በአንድ ብር ቢባል 2,450 ጨዋታ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ያው ማሽን 99 ዶላር ወረደ፣ ዶላሩ 11 ብር አካባቢ ነበርና 1,100 ብር፤ በሁለት ብር ሒሳብ 550 ጨዋታ። ጉርድ ሾላ በየቅያሱ ፕሌይስቴሽን ቤት የነበረው በዚያ ሰሞን ነው፣ ምክንያቱም ይኸው ነው። ፒኤስ 4 በ2013 እ.ኤ.አ. 399 ዶላር በ19 ብር፦ 7,600 ብር፤ በሦስት ብር ሲካፈል ተመልሶ 2,500 ጨዋታ ገባ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ዶላር በሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የዚያን ጊዜውን የፒኤስ 5 ዋጋ፣ 499 ዶላር፣ በ120 ብታባዙት 60,000 ብር ነው፤ በሃያ ብር ሲካፈል 3,000 ጨዋታ።

«ያን ያህል አልራቀም እኮ» አለ ባለቤቱ ወረቀቱን እያየ። እውነቱን ነው፣ ከመጀመሪያው ፒኤስ 2 ብዙ አልራቀም። ግን ፒኤስ 2 ሲያረጅ እየረከሰ ነበር የሄደው፤ ፒኤስ 5 በአምስተኛ ዓመቱ፣ ነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ.፣ በአሜሪካ 50 ዶላር ተጨመረበት። ሦስት ሺህ ጊዜ የሚሸነፉት ልጆችም ቢሆኑ ዛሬ ስልካቸው ላይ ናቸው፤ ኮናሚ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፔስን ኢፉትቦል ብሎ በነፃ ለቆታል። ባለቤቱ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና መገናኛ ወርዶ ሦስተኛ ያገለገለ ፒኤስ 4 ገዛ። ሻጩን መጀመሪያ የጠየቀው ዋጋውን ሳይሆን የሶፍትዌሩን ቁጥር ነው፤ ሲስተሙ ይሰበር እንደሆነ የሚታወቀው በእሱ ነውና።