ጥቁሩ ገመድ ለምን ፖዘቲቭ ሆነ?

ሬዲዮና ቴሌቪዥን በሚጠገንባቸው ቤቶች አንድ የማያልቅ ክርክር አለ። አንጋፋው ባለሙያ «ዳዮድ ስትለካ ጥቁሩን ገመድ አኖዱ ላይ፣ ቀዩን ካቶዱ ላይ አድርግ፤ መርፌው ከተነሳ ደህና ነው» ይላል። ወጣቱ ደግሞ «ኧረ ጋሼ፣ አኖዱ ላይ የሚሆነውማ ቀዩ ነው!» ብሎ ይሟገታል። እንግዲህ ፍረዱ ብትባሉ ለማን ትፈርዳላችሁ? ሁለቱም ልክ ናቸው። የተለያየው በእጃቸው የያዙት መልቲሜትር ነው። ለምን እንደተለያየ ለማወቅ ግን ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ግድ ይላል።

ከዳዮዱ እንጀምር። ዳዮድ ማለት ኤሌክትሪክን በአንድ በኩል አሳልፎ በሌላው በኩል የሚከለክል፣ ባለ ሁለት እግር ዕቃ ነው። ከአኖድ ወደ ካቶድ ሲሉት እሺ ይላል፤ ከካቶድ ወደ አኖድ ሲሉት እምቢ። (ገላው ላይ የተሰመረችው ቀለበት የካቶዱ ምልክት ናት።) ይህን ጠባይ እ.ኤ.አ. በ1874 ያስተዋለው ጀርመናዊው ፌርዲናንድ ብራውን ነው። የብረት ጫፍ ከማዕድን ክሪስታል ጋር ሲያነካካ፣ ኤሌክትሪኩ በአንዱ አቅጣጫ ከሌላው በተሻለ እንደሚያልፍ አየ። አየ እንጂ ምክንያቱን በወቅቱ በቅጡ ማስረዳት የሚችል አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1904 እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ ይህንኑ ሥራ አየሩ በተመጠጠ የመስታወት አምፖል ውስጥ ሠራው። እ.ኤ.አ. በ1919 ዊልያም ኤክልስ «ዳዮድ» የሚለውን ስም አወጣለት። የዛሬውን የሲሊከን ዳዮድ ምስጢር ለመፍታት በር የከፈተው ግን አንድ የተሰነጠቀ ቁራጭ ነው ብል አጋነንክ አትበሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1940 በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ ይሠራ የነበረው ራስል ኦል፣ ስንጥቅ ያለበት የሲሊከን ቁራጭ ብርሃን ሲያርፍበት ቮልቴጅ እንደሚፈጥር አስተዋለ። ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ያለው ሲሊከን ጠባዩ የተለያየ ሆኖ ተገኘ። የአንድ አቅጣጫ በር የሆነው ሁለቱ የሚገናኙበት ድንበር ነበር፤ ዛሬ ፒ-ኤን የምንለው ማለት ነው።

አሁን ወደ መለኪያው። ዶናልድ ማካዲ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት መሐንዲስ ነበር (ያኔ ስልኩንም የሚያስተዳድረው ፖስታ ቤቱ ነው)። ለከረንት አንድ፣ ለቮልቴጅ አንድ፣ ለረዚስታንስ ሌላ አንድ መሣሪያ ተሸክሞ መዞር አንገፈገፈው። ሦስቱንም በአንድ ሣጥን አደረጋቸው። እ.ኤ.አ. በ1923 ለገበያ የቀረበው ይህ መለኪያ ከአምፒር፣ ከቮልትና ከኦም የመጀመሪያ ፊደላት ተውጣጥቶ «አቮሜትር» ተባለ። የመልቲሜትር ዘር የሚቆጠረው ከዚህ ነው።

የጥቁሩ ገመድ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ባለ መርፌው መለኪያ መርፌውን ወደ ቀኝ የሚያንቀሳቅሰው ከረንት በፖዘቲቭ ጫፉ ሲገባ ብቻ ነው። ቮልቴጅ ስትለኩ ከረንቱን የሚሰጠው የምትለኩት ዕቃ ነው፤ በቀዩ ገመድ ይገባል፣ በጥቁሩ ይወጣል። ኦም ስትለኩ ግን የምትለኩት ዕቃ የራሱ ጉልበት የለውም። ከረንቱ የሚመነጨው በመለኪያው ሆድ ውስጥ ካለው የባትሪ ድንጋይ ነው። መርፌው ወደ ቀኝ እንዲሄድ አሁንም ከረንቱ በቀዩ መግባት አለበት። በቀዩ እንዲገባ ደግሞ መጀመሪያ በጥቁሩ መውጣት አለበት! ስለዚህ በአብዛኞቹ ባለ መርፌ መለኪያዎች፣ ኦም ላይ ሲሆኑ ጥቁሩ ገመድ ፖዘቲቭ ነው። የጋሼ ትምህርት የመጣው ከዚህ ነው።

ዲጂታሉ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። የአሜሪካው ፍሉክ እ.ኤ.አ. በ1977 8020ኤ የተባለውን በእጅ የሚያዝ መልቲሜትር ካወጣ ወዲህ ዲጂታሉ ቀስ በቀስ የጠጋኙን ጠረጴዛ ወረሰው። በውስጡ የሚታዘዙለት መርፌ ስለሌለ ቀዩ ገመድ ኦም ላይም ዳዮድ ላይም ፖዘቲቭ ሆኖ ቀረ። ብዙዎቹ ዲጂታሎች ኦም ላይ የሚጠቀሙት ቮልቴጅ የዳዮዱን በር ለመክፈት አይበቃም፤ ለዚህ ነው የዳዮድ ምልክት ያለበት ለብቻው ቦታ የተሰጠው። እዚያ ላይ አንድ ሚሊአምፒር ገደማ ከረንት ይልክና ዳዮዱ ላይ ስንት ቮልት እንደቀረ ይነግራችኋል። ሲሊከን ከሆነ ከ0.5 እስከ 0.7፣ ጀርማኒየም ከሆነ ከ0.2 እስከ 0.3 አካባቢ። ገመዶቹን ስታገላብጡ እምቢ ማለት አለበት። በሁለቱም በኩል ዜሮ አካባቢ ካሳየ ሾርት ሆኗል፤ በሁለቱም እምቢ ካለ ውስጡ ተቆርጧል። (ቦርዱ ላይ እንዳለ ከለካችሁት ግን ጎረቤቶቹ ያሳስቷችኋል፤ አንድ እግሩን አላቁ።)

ታዲያ ይህ ሁሉ ታሪክ ምን ይጠቅማል? «ጥቁሩን አኖዱ ላይ» የሚለው ትምህርት ምክንያቱ ሳይነገር ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ መለኪያው በተቀየረ ማግስት ስህተት ይሆናል። ቀለበቱ የጠፋ ዳዮድ በዲጂታል እየለካ በባለ መርፌው ሕግ የሚያነብ ልጅ አኖዱን ካቶድ ብሎ ይገጥመዋል። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ተገልብጦ የተገጠመ ዳዮድ ደግሞ ፊውዝ ሊያቃጥል፣ ካፓሲተር ሊያፈነዳ ይችላል። ልጁ መመሪያውን አልጣሰም እኮ! የተነገረውን በትክክል ፈጽሟል። የጎደለው «ለምን» የምትለዋ ቃል ናት።

«ለምን» ዲጂታሉንም ትመለከታለች። 1ኤን4007 የተባለው የተለመደ ዳዮድ እስከ 1000 ቮልት እንዲከለክል የተሠራ ነው፤ መልቲሜትሩ ግን የሚፈትነው በጥቂት ቮልት ነው። በጥቂት ቮልት «ደህና ነኝ» ያለ ዳዮድ በ300 ቮልት ሊከዳ ይችላል። መለኪያው አልዋሸም፤ የተጠየቀውን ነው የመለሰው።

ለማንኛውም፣ የመለኪያችሁን ጠባይ ለማወቅ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ኦም ላይ አድርጉትና ገመዶቹን ቮልት ላይ ካለ ሌላ መልቲሜትር ጋር ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር አገናኙ። ማይነስ ካነበበ ጥቁሩ ፖዘቲቭ ነው። ከዚያ በኋላ መከራከር አያሻም።