ኢሲ ኮሚክስ

ኢሲ ኮሚክስ እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1955 ባሳተማቸው አስፈሪ የሥዕል ታሪኮች የሚታወቅ የኒው ዮርክ አሳታሚ ድርጅት ነበር። ታሪኮቹ የሚለዩት አጥፊው በገዛ ጥፋቱ በሚቀጣበት ያልተጠበቀ መጨረሻቸው ነው።

አመሠራረት

ድርጅቱን በ1944 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ማክስ ጌይንስ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን በሥዕል ያሳትም ነበር። በ1947 በጀልባ አደጋ ሲሞት ልጁ ዊሊያም ጌይንስ ሥራውን ተረከበ። እሱና አዘጋጁ አል ፌልድስታይን በ1950 ሦስት አስፈሪ መጽሔቶችን ጀመሩ፤ ከእነዚህ ዝነኛው «ቴልስ ፍሮም ዘ ክሪፕት» (የመቃብር ዋሻ ተረቶች) ነው። ታሪኮቹን እያፌዘ የሚያቀርብ አስቀያሚ ተራኪ ነበራቸው።

የታሪኮቹ ባሕርይ

አብዛኞቹ ታሪኮች ከስድስት እስከ ስምንት ገጽ የሚደርሱ ሲሆኑ «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ያስታውሳሉ። በ1952 በወጣ አንድ ታሪክ፣ ጎረቤቶቹ በፍቅረኞች ቀን የስድብ ካርድ ልከው ለሞት ያበቁት ድሃ ሽማግሌ በዓመቱ ከመቃብር ተነሥቶ የበዳዩን ልብ ያወጣል።

ድርጅቱ ይህንኑ ስልት በሳይንስ ልብወለድም ተጠቅሞበታል። በ1953 በታተመው «ጀጅመንት ዴይ» (የፍርድ ቀን) አንድ ጠፈርተኛ ሮቦቶች በቀለማቸው ተለያይተው የሚኖሩባትን ፕላኔት ይመረምራል፤ ገና አልበቃችሁም ብሎም ይመለሳል። በመጨረሻው ሥዕል የራስ ቁሩን ሲያወልቅ ጥቁር ሰው ሆኖ ይገኛል። በወቅቱ በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች የዘር መለያየት በሕግ የጸና ነበር።

ክልከላ

በ1954 የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ፍሬድሪክ ወርተም ኮሚክ ልጆችን ወደ ወንጀል ይመራል የሚል መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ዊሊያም ጌይንስ በአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ተከራከረ። አሳታሚዎች ራሳቸው ያቋቋሙት የቁጥጥር አካል ብዙም ሳይቆይ ሙታን ሲነሡ ማሳየትንና «ሆረር» የሚለውን ቃል በርዕስ መጠቀምን ከለከለ። አስፈሪዎቹ መጽሔቶች ተቋረጡ።

ድርጅቱ «ጀጅመንት ዴይ»ን እንደገና ሊያትም ሲል ተቆጣጣሪዎቹ ጠፈርተኛው ጥቁር እንዳይሆን ጠየቁ። ይህ ግን የታሪኩን ፍሬ ነገር ማጥፋት ነበር። ጌይንስ እምቢ ብሎ ታሪኩን ሳይለወጥ በ1956 አሳተመው። እትሙ የድርጅቱ የመጨረሻ ባለቀለም ኮሚክ ሆነ።

ከዚያ በኋላ

ጌይንስ «ማድ» በተባለው የቀልድ መጽሔት ቀጠለ። «ቴልስ ፍሮም ዘ ክሪፕት» በ1972 በብሪታንያ ፊልም፣ ከ1989 እስከ 1996 ደግሞ በአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሆኗል።