ድጎማው በየትኛው በር ገባ? ቤት፣ መሬትና የከተማ ምክር ቤት በባሕር ዳር



አንድ የከተማ ምክር ቤት በመንግሥት ድጎማ የሚሠራ የመኖሪያ ቤት ዕቅድ ሲቀርብለት ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው «ወጪውን ማን ይሸከማል?» በሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከተማው እስከዚያ ዕለት ድረስ ማንንም ያልደጎመ ያስመስላል። ባሕር ዳር ግን ቤትን ያልደጎመችበት ዘመን ጥቂት ነው። ዘመናቱን የሚለያያቸው ድጎማው የገባበት በርና የተቀበለው ሰው ነው።

ከ1950ዎቹ ልነሣ። በጣሊያን የጦር ካሳ የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው ፖሊ ቴክኒክ ተከተለ፤ ጀርመናዊው ማክስ ጉተርም የከተማውን ፕላን ነደፈ። ዛሬም በዘንባባ ጥላ ሥር ወደ ጣና ስንሄድ የምንረግጠው የዚያን ዘመን ሐሳብ ነው። ፋብሪካው ለጠራው ሠራተኛ ሁሉ ግን ቤት አልተሠራለትም፤ ብዙው ተከራየ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ የምክር ቤት አባልነትን ከቋሚ ንብረት ባለቤትነት ጋር ያያያዘ ስለነበር፣ ተከራዩ ስለ ከተማው ጉዳይ የሚመክርበት ወንበር አልነበረውም። መንገዱና መብራቱ በባለቦታው ደጅ ሲያልፍ የቦታው ዋጋ ይጨምራል። ያ ጭማሪ በሕዝብ ገንዘብ የመጣ ቢሆንም ድጎማ ብሎ የጠራው አልነበረም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ይህን ገለበጠው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ፤ የኪራይ ቅናሽም ተደረገ። ድጎማው በግልጽ ለተከራዩ ደረሰ ማለት ነው። ሆኖም ዝቅ ብሎ የተተመነው ኪራይ ለዓመታት ሳይነካ ስለቆየ ለጣሪያ ቆርቆሮ እንኳ የሚተርፍ አልነበረም። የቀበሌ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ለማወቅ የእኔ ንግግር አያስፈልገውም። ተከራዩ በኪራይ ያተረፈውን በእርጅና ከፈለው።

በዚያው ዘመን ሁለተኛ በር ተከፈተ፤ የታሪክ ጸሐፍት ብዙም ትኩረት አልሰጡትም፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ይበልጥ ዘላቂ ሆኖ አገኘዋለሁ። አዋጁ ለቤት መሥሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ ይፈቅድ ነበር። የቤቶችና ቁጠባ ባንክም ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ከግለሰብ ባነሰ ወለድ ያበድር ነበር። ቦታውን ያገኘው ግን መሥራት የሚችለው፣ ማለትም መደበኛ ደመወዝ ያለው ሰው ነው። ከቀበሌ ቤት በተቃራኒ ይህ ድጎማ በዓመታት አልተሸረሸረም፤ ለልጅና ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ሀብት ሆነ።

የኮንዶሚኒየሙን ታሪክ ታውቁታላችሁ። በአዲስ አበባ የተጀመረው የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም በ1998 ዓ.ም. ገደማ ወደ ክልሎች ሲሰፋ በአገር አቀፍ ደረጃ የታቀደው በአምስት ዓመት 400 ሺህ ቤት ነበር፤ ባሕር ዳርም ድርሻዋን አገኘች። ቤቱ በዕጣ ይወጣል፤ ዕጣው የወጣለት ግን ቅድመ ክፍያውን፣ ቀጥሎም የባንኩን ወርኃዊ ዕዳ መክፈል አለበት። በርካታ የክልል ከተሞች ውስጥ ለሕንፃው ከፋይ ጠፋ። ፕሮግራሙም ብዙ ሳይቆይ ከአዲስ አበባ ውጭ ቆመ። ከዚያ ወዲህ የቤት ፈላጊው ዓይን ወደ ቤት ማኅበራት ተመለሰ።

እዚህ ላይ ቀላል ስሌት ላቅርብ። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ እንዲተላለፍ ደነገገ። አንድ ቦታ በጨረታ 2 ሚሊዮን ብር ያወጣል እንበል። ያው ቦታ በምደባ ለአንድ የማኅበር አባል በ200 ሺህ ቢሰጥ፣ ከተማው ለዚያ ሰው 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ደጉሟል። ቁጥሩ ለምሳሌ ያነሣሁት ነው፤ አሠራሩ ግን እውነት ነው። ሕንፃ ሲገነባ ወጪው በበጀት ሰነድ ላይ ይሰፍራል፤ አባላት ይጠይቃሉ፣ ይከራከራሉ። መሬት ሲመደብ ግን ያልተሰበሰበው ገንዘብ የወጪ ዓምድ የለውም። ማኅበራቱን መንቀፌ አይደለም፤ ብዙዎቻችን፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራንን ጨምሮ፣ በዚሁ በር ለመግባት የተሰለፍን ነን። የምጠይቀው ሁለቱ ድጎማዎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በብር ተተምነው እንዲቀርቡ ነው።

በዚያ ጠረጴዛ ላይ የሌሉትንም ማስታወስ አለብኝ። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ከተማው ከመቆርቆሩ በፊት በጣና ዳርቻ ደንገል እየቆረጠ ታንኳ ይሠራ ነበር። ከተማው ባደገ ቁጥር ከሐይቁ ዳር ወደ ኋላ ተገፍቷል። በ1967 የሚወረስ ትርፍ ቤት አልነበረው፤ ለማኅበር አባልነት በዝግ ሒሳብ የሚቀመጠውም ሆነ ለኮንዶሚኒየም የሚከፈለው ገንዘብ ከአቅሙ በላይ ነው። ደንገል ሲቆርጥበት የኖረው ዳርቻ ዛሬ በጨረታ ስንት እንደሚያወጣ ግን ለመገመት አያዳግትም።