የካውንቲ መንግሥት ሥነ ምግባርና ግልጽነት በሜሪላንድ

በአሜሪካ የሜሪላንድ ግዛት 23 ካውንቲዎች አሉ። የባልቲሞር ከተማ ራሷን ችላ ትተዳደራለች። ነዋሪው በየዕለቱ የሚገናኘው ከካውንቲው መንግሥት ጋር ነው። የትምህርት ቤቱን በጀት፣ ፖሊሱን፣ የሰፈሩን መንገድ የሚወስነው እሱ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የትኛው መሬት ለመኖሪያ፣ የትኛው ለንግድ እንደሚውል የሚወሰነው እዚያ ነው። የእርሻ ቦታ ለገበያ ማዕከል ሲፈቀድ ዋጋው በአንድ የምክር ቤት ድምፅ ብዙ እጥፍ ይዘላል። በግዛቲቱ ካውንቲዎች የታዩት ትልልቅ የሙስና ወንጀሎች መነሻቸው በአብዛኛው ይኸው የመሬት ፈቃድና የግንባታ ውል ነበር። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉም የሚታወቀው የስፒሮ አግኒው ጉዳይ ነው። አግኒው በ1962 የባልቲሞር ካውንቲ ሥራ አስፈፃሚ ሆኖ ተመረጠ። ይህ ካውንቲ ከከተማዋ ጋር ስሙን ይጋራል እንጂ አስተዳደሩ የተለየ ነው። በዚያን ጊዜ የመሐንዲሶች ሥራ ያለ ጨረታ ይሰጥ ስለነበር ውሉን ያገኘው ድርጅት ከሚከፈለው ላይ ቆርጦ ለሹሙ ማካፈሉ የአደባባይ ምስጢር ነበር። አግኒው የግዛቲቱ ገዥ፣ ቀጥሎም የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ሲሆን ልማዱ አብሮት ሄደ፤ በፖስታ የታሸገ ጥሬ ገንዘብ እስከ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ቢሮ ድረስ ይመጣለት ነበር። የፌዴራሉ ዐቃቤ ሕግ ጆርጅ ቢል ምርመራውን የጀመረው እሱን ብሎ አልነበረም። የተነሳው በካውንቲው ሥልጣን እሱን የተካውን ዴል አንደርሰንን ለማጣራት ነበር፤ ሥራ ተቋራጮቹ አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ክሩ ወደ ላይ ወሰደው። አግኒው ጥቅምት 10 ቀን 1973 ሥልጣኑን ለቀቀ፤ በግብር ስወራ 10,000 ዶላር ተቀጣ። በኋላ የሜሪላንድ ነዋሪዎች ከስሰው በ1983 ከ268,000 ዶላር በላይ ለግዛቲቱ እንዲከፍል አድርገዋል። አንደርሰንም በ1974 ጥፋተኛ ተብሎ ታሰረ።

ሜሪላንድ በ1979 የሕዝብ አገልግሎት የሥነ ምግባር ሕግ አወጣች። ሕጉ እያንዳንዱ ካውንቲ የራሱን ደንብ እንዲያወጣ ያስገድዳል። ደንቡ ሦስት ነገሮችን መያዝ አለበት፤ የጥቅም ግጭትን መከልከል፣ ባለሥልጣናት ሀብታቸውን ማስመዝገብ፣ ለጥቅም የሚወተውቱ ወኪሎችን መመዝገብ። ለፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ደግሞ የተለየ ድንጋጌ አለ። የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ማመልከቻ ያስገባ ሰው ጉዳዩ ሳያልቅ ለምክር ቤት አባል የምርጫ መዋጮ መስጠት አይችልም፤ ከማመልከቻው በፊት ባሉት 36 ወራት መዋጮ የተቀበለ አባልም በዚያ ጉዳይ ድምፅ አይሰጥም። ይህ ጠንካራና ግልጽ ሕግ ነው።

ሕጉ እያለ ግን ያው ካውንቲ በ2010 አሳፋሪ ቅሌት ውስጥ ገባ። ሥራ አስፈፃሚው ጃክ ጆንሰን ቀድሞ የካውንቲው ዐቃቤ ሕግ የነበሩ ሰው ናቸው። ኅዳር 12 ቀን የኤፍቢአይ መርማሪዎች ቤታቸውን ሲያንኳኩ ባለቤታቸው ለባላቸው ደወሉ። ስልኩ ተጠልፎ ነበር። ጆንሰን ከአንድ የቤት ገንቢ የተሰጠውን የ100,000 ዶላር ቼክ ቀድዳ መጸዳጃ ቤት ውስጥ እንድትለቀው፣ ጥሬ ገንዘቡን ደግሞ የውስጥ ልብሷ ውስጥ እንድትደብቀው ሲነግሯት መርማሪዎቹ ያዳምጡ ነበር። ባለቤታቸው ሲፈተሹ ከልብሳቸው ውስጥ 79,600 ዶላር ወጣ። እሳቸውም የካውንቲው ምክር ቤት አባል ሆነው የተመረጡት ከአሥር ቀን በፊት ነበር። ጆንሰን የ7 ዓመት ከ3 ወር እስራት ተፈረደባቸው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ብሂል ላደገበት አማርኛ ተናጋሪ ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ሜሪላንድም ብትሆን ከዚህ ፈተና አላመለጠችም።

በጎረቤቷ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ችግሩ በሌላ በር ገባ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሰፈሩባት ይህች ካውንቲ በጥሩ አስተዳደር ትታወቃለች። ሆኖም የኢኮኖሚ ልማት ቢሮዋ ከፍተኛ ሹም ከ2010 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት 6.7 ሚሊዮን ዶላር መዝብሯል። ካውንቲው ከአንድ የደቡብ ኮሪያ ክፍለ ግዛት ጋር የትብብር ስምምነት ነበረው፤ ሹሙ የዚያን ክፍለ ግዛት ስም የያዘ ድርጅት በራሱ እጅ አቋቁሞ ክፍያውን ወደዚያ አዞረው። አብዛኛውን በቁማር ጨረሰው። እዚህ የተደለለ ባለሥልጣን የለም፤ የጎደለው ክፍያው በእውነት ወደ ማን እንደሚሄድ የሚጠይቅ ሁለተኛ ዐይን ነበር። ሰውየው ጥፋቱን አምኖ በ2019 የአራት ዓመት እስራት ተፈረደበት።

ሞንትጎመሪ በሌላ በኩል የምታስመሰግን ሙከራ አድርጋለች። በ2014 ባወጣችው ሕግ ከግለሰቦች ትንንሽ መዋጮ ብቻ ለሚቀበል ዕጩ ካውንቲው ራሱ ገንዘብ ይጨምርለታል። ለሥራ አስፈፃሚነት በሚደረገው ውድድር አንድ ነዋሪ ለሚሰጠው የመጀመሪያ 50 ዶላር በእያንዳንዱ ዶላር 6 ዶላር ይታከላል። በ2018 በዚህ መንገድ የተወዳደሩት ማርክ ኤልሪች በዴሞክራቶች የውስጥ ምርጫ በራሳቸው ሚሊዮኖች የሚወዳደሩትን ባለሀብት በ77 ድምፅ ብቻ አሸነፉ። ሰው ከቤት ገንቢዎች ሳይለምን መመረጥ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

ግልጽነትን በሚመለከት ነዋሪው ሁለት መሣሪያ አለው፤ የግዛቲቱ የክፍት ስብሰባ ሕግና የሕዝብ መረጃ ሕግ። በስብሰባ ሕጉ መሠረት ምክር ቤት በሩን የሚዘጋው ምክንያቱን በይፋ ተናግሮ፣ በሕዝብ ፊት ድምፅ ሰጥቶ ነው። ሕጉን አውቆ የሚጥስ ግን ፍርድ ቤት ቢቀርብ ቅጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ250 ዶላር አይበልጥም፤ ይህ በሚሊዮን ዶላር ውል ለሚወስን አካል ከምንም አይቆጠርም። የመረጃ ሕጉ ይሻላል። ማንኛውም ሰው ምክንያቱን ሳይናገር ሰነድ መጠየቅ ይችላል፤ ለፍለጋው የመጀመሪያ ሁለት ሰዓት ክፍያ የለም፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መምጣት አለበት። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለነዋሪው መረጃ ከሚተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እዚያ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ በሰፈሩ ስለሚነሳው ሕንፃ ማን እንደፈቀደና ለማን እንደተከፈለ ለመጠየቅ አንድ ደብዳቤ ይበቃዋል፤ ይጻፈው።