«መጣሁ» ስለሚባለው አፍታ

በይርጋ ጨፌ ገበያ ነጋዴው ከባለ ቡናው ጋር ዋጋ ሲነጋገር ሌላ ሰው ከማዶ ቢጠራው፥ ብድግ ይልና «መጣሁ» ብሎ ይሄዳል። ገና እግሩን ሲያነሣ ተመልሶ እንደ ደረሰ አድርጎ መናገሩ ነው፤ ተቀምጦ የቀረውም ሰው «ሳትሄድ እንዴት መጣህ» ብሎ አይከራከረውም። የቅኔ ተማሪ ግን ቢሰማ ነገሩን ያውቀዋል፤ ኃላፊ አንቀጽ በትንቢት ስፍራ ገባ ይላል። ነቢዩ ኢሳይያስ የሕፃኑን መወለድ ሳይሆን እንደ ሆነ አድርጎ መናገሩን መምህራን ሲተረጕሙ፥ የማይቀር ስለ ሆነ ነው ይላሉ። የገበያው «መጣሁ» ግን የሚቀርበት ቀን አይጠፋም።

ሕዝቡ በመንገድና በጨዋታ ላጭር ጊዜ የሚጠራቸው ስሞች ብዙዎቹ እንዲሁ ከልክነት ይልቅ ተስፋነት ያላቸው ናቸው። «ላንድ አፍታ»፥ «በአንድ ትንፋሽ»፥ «ቃሉ ካፉ ሳይወጣ»፥ «ዐይን ተከድኖ እስኪገለጥ» ይባላል። ሰዓት ባልነበረበት ዘመን ለሰው ከዐይኑና ከትንፋሹ የቀረበ መለኪያ ከወዴት ይመጣለታል?

ከነዚህ ሁሉ ይልቅ «ከመቅጽበት» የሚለው ቃል ታሪኩ ይገርማል። በግእዝ «ከመ ቅጽበት» ማለት እንደ ጥቅሻ ማለት ሲሆን፥ አማርኛ ሁለቱን ቃል ገጥሞ አንድ አደረጋቸው፤ ስለዚህ ዛሬ የሚናገረው ሰው «ከመ» «እንደ» ማለት መሆኑን ሳያስብ ይናገረዋል። ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት በ15ኛው ምዕራፍ የሙታንን ትንሣኤ ፍጥነት የመሰለበት የዐይን ጥቅሻ፥ በገበያ ቀን ለጠፋች ዶሮ ይነገራል።

ሊቃውንቱ ግን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ልክ ነበራቸው። በባሕረ ሐሳብ ቀንና ሌሊት አንድ ላይ 60 ኬክሮስ ነው፤ አንዱ ኬክሮስ 60 ካልዒት፥ አንዱ ካልዒት 60 ሣልሲት፥ እንዲህ እያለ እስከ ሳድሲት ይወርዳል። በዛሬው ሰዓት ቢታሰብ ኬክሮስ 24 ደቂቃ፥ ካልዒት 24 ሰከንድ ይሆናል፤ ሣልሲት ከግማሽ ሰከንድ ያነሰ ነው፥ ቅጽበት የሚባለውም ይህን ያህል ቢሆን ነው። በየዓመቱ ከ365 ቀን በላይ የሚተርፈው 15 ኬክሮስ ስድስት ሰዓት ነውና፥ በአራት ዓመት ተጠራቅሞ ስድስተኛዋን የጳጕሜን ቀን ያወጣል። በስድሳ መክፈል ከባቢሎን ሰዎች የወረደ ጥበብ ነው። ፈረንጆችም ከዚያው ወርሰው ሰዓትን ቢከፍሉ የፊተኛውን ክፍል በላቲን «ትንሹ»፥ የሚከተለውን «ሁለተኛው» አሉት፤ የከተማው ልጅ «ሰከንድ» የሚለው ይኸው ነው። «ካልዒት» ማለትም ሁለተኛይቱ ማለት ነውና ሁለቱ ቃላት በትርጓሜ አንድ ናቸው። ልካቸው የተለያየው ፈረንጆቹ ሰዓትን፥ የእኛ ሊቃውንት መላውን ዕለት ስለ ከፈሉ ነው። «ደቂቃ»ም ከደቀቀ የወጣ ስለ ሆነ ትርጓሜው ያው ትንሽ፥ የላመ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ልክ ግን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ወጥቶ ገበያ አልገባም፤ «አንድ ካልዒት ታገሠኝ» ያለ ነጋዴ አልተሰማም። የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ በደቂቃ የሚነሣና የሚደርስ ነገር በከተማው ታየ። ሕዝቡም ደቂቃን ተቀበለና እንደ አፍታ አደረገው። ዛሬ «ሁለት ደቂቃ» የሚል ሰው ሁለት ደቂቃ ማለቱ አይደለም፤ «በሰከንድ እመለሳለሁ» የሚለውማ ምሳውን በልቶ ይመለሳል።

በመካከለኛው ዘመን እንግሊዞች አቡነ ዘበሰማያት ተደግሞ እስኪያልቅ በሚፈጀው ጊዜ አጭሩን ቆይታ ይለኩ ነበር። በቡና አገር ደግሞ መለኪያው «ቡና እስኪጠጣ» ነው። ነገር ግን የትኛው ቡና? አቦል ከዐረብኛው «አወል» የመጣ ፊተኛ ማለት ነው፤ ቶና ሁለተኛ፥ በረካ በረከት ነው። ከመቍላቱ እስከ በረካው ቢቈጠር ከአንድ ሰዓት ያልፋል፤ አንድ ስኒ ብቻ ቢሆን ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ቀጠሮ ሰጪው የትኛውን እንዳሰበ ካልተናገረ፥ አስጠባቂው በስኒ ጠባቂው በበረካ ይቈጥራሉ።

በይርጋ ጨፌ ይህ ጨዋታ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከጥቅምት ጀምሮ ቀዩ እሸት ቡና ሲለቀም፥ የጌዴኦ ገበሬ በጆንያ ተሸክሞ ወደ ማጠቢያው ያወርደዋል። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ በጆንያው ውስጥ ይሞቃል፥ መብላላትም ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ጣዕሙ ይበላሻል፥ ዋጋውም ይወርዳል። የአፉ ቋንቋ ጌዴኡፋ የሆነው ገበሬ ከጆንያው አጠገብ ቆሞ በአማርኛ «መጣሁ» ሲባል፥ የነጋዴውን አፍታ በራሱ ቡና ይከፍላል። ፀሐይም ከፍ ስትል «አንዳፍታ ነው» የሚለው ሌላው ቃል ይጨመርለታል።

ከመፈልፈያው የወጣው ቡና ደግሞ ገንዳ ውስጥ እንደ አየሩ ጠባይ እስከ ሁለት ቀን ይቆያል። ሲበርድ ይዘገያል፥ ሲሞቅ ይፈጥናልና ጠባቂው በእጁ ሰዓት ብቻ አይታመንም። በሌሊት ተነሥቶ ከገንዳው አንድ እፍኝ ይዘግንና በመዳፉ ያሻዋል፤ ልጋጉ ለቆ ፍሬው እንደ አሸዋ ከሻከረ ደርሷል፥ ካሙለጨለጨም ገና ነው። ውኃውን ለመልቀቅ የሚጠባበቁት ሠራተኞች «ደረሰ ወይ» ብለው ሲጠይቁት፥ ያልደረሰ እንደ ሆነ እጁን እያራገፈ «ትንሽ ቆዩ» ይላቸዋል።