ቀይ ቀበሮ የለቀቀው ጮቄ

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲብት ከጎጃም ደጋ ለጥናት ከተሰበሰቡት የቀይ ቀበሮ ናሙናዎች መካከል በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተገኙ ነበሩ። ይህ ከፍታ የደብረ ማርቆስ ከተማ ከተቆረቆረችበት እምብዛም አይበልጥም። ዛሬ ቀይ ቀበሮ በአገሪቱ ከ3,000 ሜትር በታች ተገኘ ሲባል አይሰማም። በጎጃም ደግሞ ጫፉ ከ4,000 ሜትር በሚያልፈው በጮቄ ላይ እንኳ ዘሩ ጠፍቷል። ከዓባይ ማዶ ያለው ጉናም በቅርብ ዘመን ቀበሮውን አጥቷል።

ይህን የማነሣው ሙሾ ለማውረድ አይደለም። በጎጃም ምን እንደጠፋና ምን እንደቀረ ስናይ፣ የቀረውን ማን እንዳቆየው መጠየቃችን አይቀርም፤ መልሱም ለነገ ሥራ ይጠቅመናል።

ቀይ ቀበሮ በዋናነት አይጥ በል ነው። አይጧ ደግሞ ጓሳ፣ አስታና ያልታረሰ መሬት ትፈልጋለች። የገብስና የድንች እርሻ ሽቅብ ወደ ጮቄ እየወጣ፣ ከብቱ ጓሳውን እየጋጠ ሲሄድ ቀበሮው የሚሸሽበት ሌላ ተራራ አልነበረውም። ገበሬውን መውቀስ አይገባም። ቁልቁል ያለው መሬት ለልጅ ልጅ ሲሸነሸን ኖሮ ያለቀበት ሰው ዓይኑን ሽቅብ ቢያነሣ ምን ይደንቃል? ተራራው ግን ገዳምም ፓርክም አልነበረም፤ የሚከለክልለት ባለቤት አልነበረውም።

ስለ ጎጃም የጻፉት የጥንት መንገደኞች ልባቸው ያረፈው በውሃው ላይ ነው። ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጄምስ ብሩስ ከሠዓሊው ሉዊጂ ባሉጋኒ ጋር በ1770 ግሽ ዓባይ የደረሱት የምንጩን ነገር ብለው ነው። ወፉን ከወንዙ እኩል ያየ ሰው ለማግኘት እስከ ሮበርት ቺዝማን መጠበቅ ነበረብን። ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የብሪታንያ ቆንስል ነበር። በበቅሎ የዓባይን ሸለቆ ተከትሎ ካርታ አነሣ፤ በየሄደበትም ወፍ ሰበሰበ። ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፍ በ1936 ታተመ። በዚያው ሰሞን የሰበሰባቸውን ወፎች ከወፍ አጥኚው ስክላተር ጋር ሆኖ በሳይንስ መጽሔት አሳተመ። የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን ወፎች የሚያጠና ሰው ዛሬም ቢሆን ዳንግላን ሳይነካ ማለፍ አይችልም።

የዓባይ ሸለቆ ራሱ ሌላ ዓለም ነው። ሙቀቱ፣ ወባውና ገደሉ ሰውን ስላራቁ ለአራዊቱ ከአዋጅ የበለጠ ከለላ ሆነዋል። ነብር፣ ሰስ፣ ዝንጀሮ እስከ ዛሬ መሸሸጊያቸው እዚያ ነው። ብሉንዴልና ሎቫት የተባሉ ብሪታንያውያን እ.ኤ.አ. በ1899 ለሳይንስ ያስተዋወቋት፣ ሃርዉድ በሚል ስም የምትጠራው ቆቅ ከኢትዮጵያ ውጭ የለችም። የምትኖረውም በዓባይና እንደ ጀማ ባሉ ገባር ወንዞቹ ሸለቆዎች ነው። ወገባቸው ደጋ፣ እግራቸው በረሃ የሆነ እንደ ምሥራቅ ጎጃም ያሉ አገሮች ጥቂት ናቸው፤ ስለ ጎጃም ስናወራ ግን በረሃውን እንረሳዋለን።

መንግሥት በጥበቃ ሥራ የተነሣው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በጁሊያን ሃክስሊ የሚመራ የዩኔስኮ ቡድን መጥቶ አጠና። ስሜን በ1969 በሕግ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። የአንድ አውሬ ስም ለጥበቃ ምን ያህል እንደሚረዳ ከሌላ አገርም ይታያል፤ ሕንድ በ1973 ታይገርን ለማዳን ዘጠኝ ጥብቅ ደኖችን ስትከልል፣ በአንዱ አውሬ ስም ጫካውም ወፉም ምንጩም አብሮ ተጠበቀ። ስሜንም ዋልያ ነበረለት። ጮቄ ግን ስሙን የሚያስጠራለት አውሬ አላገኘም።

የጎጃምን ዛፍና የዛፍ ወፍ ያቆየችው ቤተ ክርስቲያን ናት። በአውሮፕላን ያለፈ ሰው አይቶታል፤ በታረሰው ሜዳ መካከል ክብ ክብ ሆኖ የሚታየው አረንጓዴ ሁሉ የአንድ ደብር አጸድ ነው። ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት፣ ዋንዛና ኮሶ አንድ ላይ የሚገኙት እዚያ ነው። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያንን እርሻ ሲወስድ ደኑ ወደ ቅጥሩ ተሰበሰበ፤ ቅጥሩን ግን ቄሰ ገበዙና ምእመኑ አላስነኩም።

በነዚህ አጸዶች ጉሬዛ ካለ ከሩቅ ይሰማል። ጉንጯ ነጭ፣ ላባዋ አረንጓዴ፣ ክንፏን ስትዘረጋ ደም የመሰለ ቀይ የምታሳየው የፍሬ በል ወፍ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ትሮጣለች። ጋጋኖው በማለዳ ተንጫጭቶ ወደ ረግረጉ ይወርዳል። እዚህ ላይ ወፎቹ ጌጥ ብቻ አለመሆናቸው ይታወቅልኝ። ብዙ አንባቢ በእመጓ ደራሲነቱ የሚያውቀው የደን ምሁር ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሰሜን ኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አፈር አጥንቶ ነበር። በአፈሩ ውስጥ ተቀብሮ የሚቆየው ዘር አብዛኛው የሣርና የቅጠል ነው፤ የአገር በቀል ዛፎች ዘር ግን ጥቂት ነው። እንግዲህ አንድ የዛፍ ዓይነት ከአጸዱ ካለቀ አፈሩ አይመልሰውም። የሚመልሰው ከሌላ ደብር ፍሬ በልቶ፣ በሮ መጥቶ ዘሩን የሚጥል ወፍ ነው፤ ወይም የሚተክል ሰው።

ችግሩ በአንዱ ደብርና በሌላው መካከል ያለው ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ዛሬ የጎጃምን ገጠር ሞልቶታል። ለገበሬው ቤትም ገንዘብም ስለሆነ ንቀል ቢሉት አይሰማም፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን ለፍሬ በል ወፍ የሚሰጠው ማዕድ የለውም። ወፉ በመንገዱ ላይ የሚያርፍበት ሾላ ወይም ወይራ ካላገኘ በየደብሩ ታጥሮ ይቀራል፤ ደኑም አብሮት ያረጃል። ከብት ገብቶ ችግኙን ከረገጠም እንዲሁ። ዓለማየሁና ከውጭ የመጡ ባልደረቦቹ የየአካባቢውን ካህናትና ሕዝብ ይዘው በአንዳንድ አጥቢያዎች የድንጋይ ካብ ማስካብ የጀመሩት በዚህ ምክንያት ነው። ድንጋዩ የሚለቀመው ከገበሬው ማሳ ስለሆነ እርሻውም ይጠራል፤ ከዚህ የበለጠ ብልሃት ያለው ሥራ በአገራችን የደን ጥበቃ ታሪክ አላየሁም።

ጮቄም አሁን እየተጠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደርን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መዝገብ አስገብቷል። እንግዳ መምጣቱ መልካም ነው፤ ግን ጅባራ አይቶ የሚመለስ እንግዳ ብቻውን ጓሳ አይመልስም። መጀመር ያለበት ከወንዞቹ ነው። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃና ብር ከጮቄ ተነሥተው ወደ ዓባይ ሲወርዱ የእርሻውን ደጋ አቋርጠው ያልፋሉ። በየዳርቻቸው ጥቂት ክንድ መሬት ከእርሻና ከልቅ ግጦሽ ነጻ ሆኖ ሾላ፣ ዋንዛና ወይራ ቢተከልበት ተራራው፣ የየደብሩ አጸድና በረሃው በአንድ መስመር ይገናኛሉ። መሬቱ የገበሬ ይዞታ ነውና ሣሩን አጭዶ ለከብቱ የመውሰድ መብቱ በጽሑፍ ይሰጠው፤ የችግኙን ዘር ደግሞ የየደብሩ ቄሰ ገበዞች ከአጸዳቸው ማስለቀም ይችላሉ።